ዝዮቹን መሰብሰብ መንገዱን አያጸዳም፦ «ዝዮቹ ይወገዱ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሜሪላንድ በምንኖር የአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ሰሞኑን «ዝዮቹ ይወገዱ» የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ጉዳዩ ከካውንቲያችን ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለው ሰው ሠራሽ ሐይቅና ሐይቁን የሚዞረው የእግረኛ መንገድ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ዝዮቹ ከካናዳ መጥተው የቀሩ እንግዶች ናቸው፤ ለማባረር የተሞከረው ዘዴ ሁሉ ከሽፏል፤ በሐይቁ ዳር ረዘም ያለ ተክል ይተከል የሚለው ሐሳብ እባብና ሌባ መጋበዝ ነው፤ ውሻ ዝይን ወደ ጎረቤት ከማሻገር አያልፍም፤ እንቁላሉ እንዳይፈለፈል ዘይት መቀባት ሕገ ወጥ ነው፤ ወፉ በሽታ ያመጣል፣ አውሮፕላንም ይጥላል፤ ስለዚህ ካውንቲው ሰብስቦ ያሳርዳቸውና ሥጋው ለችግረኞች ይከፋፈል።

ቅሬታቸው እውነት ነው፤ በዚያው መንገድ የምሄድ ሰው ስለሆንኩ አልክደውም። በሜይ ወር ማለዳ ከመጻሕፍት መመለሻው ሣጥን እስከ አግዳሚ ወንበሮቹ ያለው ኮንክሪት ጣት በሚያክል አረንጓዴ ኩስ ተሸፍኖ ይገኛል። ትኩሱ ያንሸራትታል፤ የረገጡት ደግሞ ከጫማ ሥር ተጣብቆ እስከ ሕፃናቱ የንባብ ክፍል ምንጣፍ ድረስ ይገባል። ከሁሉም የሚከፋው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ነው፤ ጎማውን በገዛ እጁ የሚያሽከረክር ሰው ጎማው የረገጠውን ሁሉ መዳፉ ላይ ያገኘዋልና፣ ሌላው ተራምዶት የሚያልፈውን እሱ ጨብጦት ያልፋል። እንግዲህ የምንለያየው ችግሩ በመኖሩ ላይ ሳይሆን ምንጩ የት ነው በሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው ምንጩን ወፉ ላይ አዩት፤ እኔ ግን እስከ ውኃው አፍ ድረስ በየሳምንቱ በሚታጨደው ሣር ላይ አየዋለሁ፤ ሣሩ እንዳለ ከቀጠለ የዛሬዎቹ ዝዮች ቢሄዱ እንኳ ቦታው ባዶ አይቆይም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዝዮቹ እንግዶች ናቸው በሚለው ልጀምር። «የካናዳ ዝይ» የሚለው ስም ሰውን ማሳሳቱ አይገርምም፤ ነገር ግን በመንገዳችን ላይ በጁን ወር ጫጩት አስከትለው የሚሄዱት ዝዮች ከካናዳ የመጡ አይደሉም። በእርግጥ ከሰሜን የሚመጡ ተጓዦች አሉ፤ እነዚህ በመጸው ይመጣሉ፣ ክረምቱን አሳልፈው በማርች አካባቢ ይመለሳሉ። የኛዎቹ ግን እዚሁ የተፈለፈሉ፣ እዚሁ የሚታቀፉ ነዋሪዎች ናቸው። ሰው ራሱ ነው ያበዛቸው። አዳኞች ተጓዥ ዝዮችን ለማባበል በሕይወት ያሉ ዝዮችን አስረው ያቆዩ ነበር፤ ይህ ልማድ በ1935 ሲከለከል ከታሰሩት ብዙዎቹ ተለቀቁ፣ መሰደድ የማያውቁ ስለነበሩም በያሉበት ቀሩ። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው ደግሞ ትልቁ የካናዳ ዝይ የሚባለው ዝርያ በ1950ዎቹ ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ይታመን የነበረ መሆኑ ነው። በ1962 ሃሮልድ ሃንሰን የተባሉ የዱር እንስሳት ተመራማሪ ይህንኑ ዝይ በሚኔሶታ ሮቸስተር ከተማ ሲልቨር ሌክ ላይ አገኙት፤ ከሐይቁ ዳር የነበረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚለቀው ሙቅ ውኃ ሐይቁ በክረምት እንዳይረጋ ያደርገው ነበርና ዝዮቹ መሰደድ አላስፈለጋቸውም። ከዚያ በኋላ የየግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ዝዩን እያራቡ በየቦታው ለቀቁት። ጠፋ የተባለው ወፍ ዛሬ «ይጥፋልን» ወደሚባልበት የደረሰው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት «ይሰብሰቡና ይታረዱ» የሚለውን ሐሳብ በቀጥታ ስለሚነካ ነው። ሴቷ ዝይ ስታድግ ወደ ተፈለፈለችበት አካባቢ ተመልሳ መታቀፍ ትወዳለች፤ ጎጆ ያላገኙ ወጣት ዝዮች ደግሞ ክፍት ሐይቅ ሲያዩ ይወርዱበታል። በኒው ዮርክ ብሩክሊን ፕሮስፔክት ፓርክ በጁላይ 2010 ወደ 400 የሚጠጉ ዝዮች ተሰብስበው በጋዝ ተገደሉ። የከተማው ሰው በቁጣ ተነሣ፣ ሥራው ግን ተፈጽሞ ነበር። ሣሩና ውኃው ግን እንደ ነበሩ ቀሩ፤ ዝዮችም በፓርኩ እንደገና ታዩ። እኛ ዘንድ ይህ ቢደረግ የተለየ ውጤት የሚገኝበትን ምክንያት ጸሐፊው አልነገሩንም።

ቀጥሎ «ሁሉም ተሞክሮ ከሽፏል» ያሉት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ግድ ይላል፣ የጽሑፋቸው ምሰሶ ይህ ነውና። የተሞከረው ምንድን ነው? ካውንቲው ሁለት የፕላስቲክ ኮዮቶችና (ኮዮት ተኩላ የሚመስል የአሜሪካ አውሬ ነው) አንድ የፕላስቲክ ጉጉት አቆመ፤ ለጥቂት ጊዜ ደግሞ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ከኮዮቶቹ አንዱ ዛሬም በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ቆሟል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ጀርባው ላይ ኩስ ደርቆበታል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝይ ጥላው ሥር ተኝታ ትታያለች። ይህ መክሸፉ የሚጠበቅ ነበር። ዝይ የማይንቀሳቀስ አስፈሪ ጉዳት እንደማያመጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትማራለች፤ ድምፁንም እንዲሁ ትለምደዋለች። የገብስ ማሳ ጠብቆ ያደገ ሰው ማስፈራሪያ ልብስ ለብሶ ቢቆም እንኳ ወፍ ሲለምደው አይቷልና ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንግዲህ የከሸፈው አንድ ዓይነት ዘዴ ብቻ ነው፦ ማስፈራራት፣ ያውም በፕላስቲክ። ከዚህ ተነሥቶ «እርድ ብቻ ቀረ» ማለት ደረጃዎቹን በሙሉ ዘሎ መጨረሻው ላይ መውጣት ነው።

በደንብ ያልተሞከረው ሣሩን መቀየር ነው። ዝይ ሣር በል ናት፤ ከሣርም የምትመርጠው አጭር፣ ለስላሳ፣ ውኃና ማዳበሪያ የጠገበ አዲስ ቡቃያ ነው። የሣር ማጨጃ ማሽን በየሳምንቱ ሲያልፍ የሚያዘጋጅላት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው የምትፈልገው ነገር ግልጽ እይታ ነው፤ እየጋጠች ቀና ስትል ውኃው መታየት አለበት፣ ቀበሮም ሆነ ሌላ አዳኝ ሲመጣ ከሩቅ መለየት አለባት። ሦስተኛው ከውኃው በእግር የሚወጣበት ደልዳላ ዳርቻ ነው፤ በተለይ ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ለሦስትና ለአራት ሳምንታት ያህል የክንፋቸውን ላባ ስለሚቀይሩ ጭራሽ መብረር አይችሉም፣ የሚኖሩትም ከውኃ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ውኃ በእግራቸው እየተመላለሱ ነው። የኛ ቤተ መጻሕፍት ሐይቅ ሦስቱንም አሟልቶ አቅርቧል፤ የእግረኛው መንገድ ደግሞ በትክክል በመኝታቸውና በገበታቸው መካከል ያልፋል። ኩሱ መንገዱ ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ በሐይቁ ዳር ዙሪያውን ቢያንስ ስድስት ሜትር የሚሰፋ፣ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጥቅጥቅ ያለ ተክል ማቆም ነው። እንግጫና ቄጠማ የሚመስሉ የአገሩ ተክሎች፣ እግራቸው እርጥበት ውስጥ ሲሆን የሚወዱ አበቦች፣ ከውኃው አፍ ላይ ደግሞ አይሪስ የመሰሉ። ዝይ በዚህ ውስጥ ገብታ አታቋርጥም፤ ማዶውን ስለማታይ ትፈራዋለች። ከመንገዱ ወዲያ ያለው ሜዳ ሣር ሆኖ ቢቀር እንኳ ከውኃው ስለተቆረጠ ይማርካት የነበረውን ያህል አይማርካትም። ከዚያም ላይ ሣሩን እንደ ፌስኪዩ ባለ ቅጠሉ ጠንካራ በሆነ የሣር ዓይነት መተካት፣ ማጨጃውን ከፍ ማድረግ፣ ማዳበሪያውን ማቆም ይቻላል። በማዳበሪያው ነገር ሜሪላንድ በ2011 ያወጣችው ሕግ ራሱ ያግዘናል፤ የአፈር ምርመራ ካላሳየ በቀር በቆየ ሣር ላይ ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ መጨመር ተከልክሏልና።

ጸሐፊው ይህን ሐሳብ በሁለት ቃል አጣጥለውታል፦ እባብና ሌባ። ስጋታቸውን አልንቅም፤ እናቶች ሕፃን ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ነው። ነገር ግን 90 ሴንቲ ሜትር ከአዋቂ ሰው ወገብ እምብዛም አያልፍም፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አይሰወርበትም። እንደ ስዊችግራስ ያለው ከሰው ቁመት ሊደርስ የሚችል ሣር በዚህ ቦታ እንዳይተከል መጠየቅ ግን ተገቢ ነው፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። እሳቸው ያላነሡትና ከእባብ ይልቅ የሚያሳስበኝ መዥገር ነው፤ በመዥገር ንክሻ የሚተላለፈው የላይም በሽታ በዚህ ግዛት የታወቀ ነው፣ መዥገር ደግሞ ረጅም ሣር ጫፍ ላይ ሆና አላፊውን ትጠብቃለች። ስለዚህ ተክሉ በመንገዱና በውኃው መካከል ብቻ ሆኖ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል የሚታጨድ ክፍተት ይተውለት፤ የማንም ልብስ ቅጠሉን አይነካም። ሐይቁን ማየት ለሚፈልግ ሰው መተላለፊያ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው እንዳይሄድ፣ ጠመም ብሎ እንዲታጠፍ መደረግ አለበት፤ ቀጥ ያለ መተላለፊያ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዝይም በር ይሆናል። ይህን የዘነጉ ቦታዎች ተክሉን ተክለው ዝዮቹ በአንዲት ቀዳዳ ተሰልፈው ሲወጡ ያያሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ተክሉ በተተከለበት ዓመት አይሠራም፤ ችግኙን ዝዮቹ ራሳቸው ይበሉታል። ሥር ሰድዶ እስኪቆም ድረስ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት አጥር ያስፈልገዋል፤ ውድ አጥር ግን አይደለም። ከመሬት 15 እና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በካስማ የተወጠሩ ሁለት ገመዶች በእግሯ የምትሄድን ዝይ ያቆማሉ፤ ከገመዱ በላይ በርራ ልታልፍ ትችል ነበር፣ ከውኃ ስትወጣ ግን መራመድን ስለምትመርጥ ብዙ ጊዜ ትመለሳለች። ጸሐፊው «ተተክሎ ነበር፣ ምንም አልፈየደም» የሚሉት ከጥቂት ዓመታት በፊት የተተከለውን ከሆነ፣ ያ ተክል ያለ ገመድ የተተወ ነበር።

ስለ ውሻ ያሉት ግማሹ ትክክል ነው። ቦርደር ኮሊ የሚባለው የእረኛ ውሻ ዝይ አይነክስም፤ ዝቅ ብሎ ዓይኑን ተክሎ ሲቀርባት እንደ አዳኝ ስለምታየው ትሸሻለች፣ እንደ ፕላስቲኩም አትለምደውም። በዋሽንግተን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ናሽናል ሞል በሚባለው የመታሰቢያ ሐውልቶች ሜዳ ባሉት ኩሬዎች ዙሪያ ይህንኑ ዘር ተጠቅሟል። የሸሸችው ዝይ የሆነ ቦታ መሄዷ ግን አይቀርም፤ ሣሩ ካልተቀየረም ውሻው ሥራ ባቆመ ማግሥት ትመለሳለች። ጥቅሙ በወቅቱ ነው። ጥንዶቹ የጎጆ ቦታ በሚመርጡበት በፌብሩዋሪና በማርች መጀመሪያ ውሻ ቢመላለስ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ይመርጣሉ። እንቁላል ከተጣለ በኋላና ላባ በሚቀየርበት ሰሞን ግን ውሻ መልቀቅ መብረር በማይችል ወፍና በጫጩት ላይ መልቀቅ ስለሆነ መደረግ የለበትም።

እንቁላል መቀባት «ሕገ ወጥ» ነው የተባለው ግን ስሕተት ነው፤ አንባቢ ይህን አምኖ ለካውንቲው ስብሰባ እንዳይሄድ ግልጽ ላድርገው። የካናዳ ዝይ በ1918 በወጣው የተጓዥ አእዋፍ ስምምነት ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ መግደልም፣ ጎጆና እንቁላሉን መንካትም አይቻልም። ሆኖም የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2006 ባወጣው ደንብ መሠረት የቦታው ባለቤት ወይም የአካባቢው መስተዳድር በየዓመቱ በመመዝገብ ብቻ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ድረስ የነዋሪ ዝዮችን እንቁላል እንዳይፈለፈል ማድረግ ይችላል። የግዛቱን ደንብ ማየትም ያስፈልጋል። የሚገርመው ነገር፣ ጸሐፊው የሚጠይቁት እርድ ከዚህ የከበደ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው።

አሠራሩም ጭካኔ አይደለም። እንቁላሉ በውኃ ባልዲ ውስጥ ይደረጋል፤ ከሰመጠ ገና ነው ማለት ነው፣ የበቆሎ ዘይት ተቀብቶ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ዘይቱ በቅርፊቱ የሚገባውን አየር ስለሚዘጋ ጽንሱ አያድግም። ከተንሳፈፈ ግን በውስጡ ያለው ጫጩት አድጓልና ሳይነካ ይተዋል። እንቁላሉ ወደ ጎጆው የሚመለሰው በምክንያት ነው፤ ቢወሰድ እናቲቱ ሌላ ትጥላለች፣ ከተመለሰላት ግን መታቀፏን ትቀጥላለች፣ 28 ቀን ገደማ ካለፈ በኋላም ተስፋ ቆርጣ ትነሣለች። ጫጩት የሌላቸው ጥንዶች ደግሞ ላባ ለመቀየር ከአካባቢው ርቀው የመሄዳቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ በጁን መንገዱን የሚሞላውን መንጋ የሚቀንሰው ይህ ነው። አዋቂ ዝይ ብዙ ዓመት ስለምትኖር ውጤቱ ቀስ ብሎ የሚታይ መሆኑን አልደብቅም። ጎጆ የሚጠብቀው ወንዱ ዝይ ክንፉን ዘርግቶ ሲመጣ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሁለተኛ ሰው እንደሚያስፈልግም እግረ መንገዴን ልጠቁም።

አውሮፕላኑን በተመለከተ ብዙ አልሄድበትም። በጃንዋሪ 15 ቀን 2009 በኒው ዮርክ ሐድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውና 155ቱም ሰዎች የተረፉበት አውሮፕላን ዝዮች ገብተውበት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከሞተሮቹ የተገኘውን ላባ ሲመረምሩ ግን ዝዮቹ ከካናዳ የመጡ ተጓዦች እንጂ የከተማው ነዋሪዎች እንዳልነበሩ ደረሱበት። በጁን ወር ቤተ መጻሕፍት ጓሮ የሚሰበሰብ ዝይ ከዚያ አደጋ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልታየኝም። የኤርፖርት አካባቢ ዝይ የራሱ ደንብ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው።

በበሽታው ግን ጸሐፊው ነገሩን አጋነኑት እንጂ ከባዶ አልተነሡም። በዝይ ኩስ ውስጥ ሳልሞኔላ፣ ካምፒሎባክተርና ኢ ኮላይ የተባሉ ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን በአሜሪካ የዱር አእዋፍ መካከል ተሰራጭቷል። ሞቶ የተገኘ ዝይ በእጅ አይነካም፤ ልጆች ከሐይቁ ዳር ሲመለሱ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከመንገድ ኩስ በቀጥታ ወደ አላፊ አግዳሚ የሚተላለፍ በሽታ ግን እምብዛም አልተመዘገበም፤ የሚያሳስበው መንሸራተቱ ነው፣ ለአረጋዊ ሰው የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለምና። በማስረጃነት የጠቀሱት የሊንከን መታሰቢያ ኩሬም የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። በጁን 2017 ኩሬው እንዲፈስ የተደረገው 80 የሚያህሉ የዳክዬ ጫጩቶች በጥገኛ ተውሳክ ስለሞቱ ነበር፤ ተውሳኩ ያደገው ጥልቀት በሌለው ሙቅ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነው። የተወሰደው እርምጃ ኩሬውን አፍስሶ ማጽዳት ሆነ፤ ዳክዬ ተሰብስቦ አልታረደም።

መንገዱ በየማለዳው በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይታጠብ የሚለው ሐሳባቸው ደግሞ ኩሱን ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል፣ ከዚያም በጅረቱ ወደ ቼሳፒክ ወሽመጥ ይወርዳል፤ በኩስ ውስጥ የሚገኙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ወሽመጡ የሚገቡበት መጠን ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ጣሪያ የተበጀለት ነው። ደረቁን ጠርጎ አንሥቶ መጣል ይሻላል።

ሥጋው ለችግረኞች ይሰጥ የሚለው በኒው ዮርክ በ2011 ተደርጓል፤ ሥጋው ወደ ፔንስልቬንያ የምግብ ባንኮች ተልኳል። እዚህ አካባቢ ከምግብ ባንክ ከሚሰለፉት ወገኖቻችን መካከል ግን ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ፣ ሙስሊሙም ቢስሚላህ ያልተባለበት ሥጋ አይበላም፤ ከሁለቱም ወገን አብዛኛው ሰው ደግሞ ዝይ ገበታው ላይ ቀርቦለት አያውቅም። ስጦታው ለማን እንደታሰበ ጸሐፊው ቢያስቡበት መልካም ነበር።

በመጨረሻ እናቶቻችንን የወቀሱበት አንቀጽ አለ፤ የተረፈ እንጀራና ዳቦ ለዝዮቹ ይጥላሉ ይላል። ይጥላሉ፤ ሌላውም ሕዝብ ይጥላል። ምግብ መጣሉ ዝዮቹን ከሰው ያላምዳል፣ መንገዱ ላይም ያሰባስባቸዋልና መቆም አለበት። «ዝዮችን አትመግቡ» የሚለው ሰሌዳ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ የተጻፈ መሆኑን ግን ጸሐፊው ያዩ አይመስለኝም። አማርኛ መስመር እንዲጨመር መጠየቅ ከወቀሳ ይቀላል።

የካውንቲው የፓርኮች ክፍል ስለዚህ ሐይቅ የነዋሪዎችን አስተያየት የሚሰማው በመጸው ነው፤ የእንቁላሉ ምዝገባ ደግሞ በጃንዋሪ 1 ይከፈታል። ከዚያ በፊት ለክፍሉ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ዘንድሮ ምዝገባውን ማን ይፈርማል፤ ማጨጃው ከውኃው ዳር ስድስት ሜትር መራቅ የሚጀምረው መቼ ነው፤ ለችግኙ መጠበቂያ የሚሆነውን ገመድ ከየትኛው በጀት ይገዙታል።